ለተማሪው አንድ ጆንያ ይለይ

በካፋ ዞን በሺሾ እንዴ ወረዳ የምትገኘው ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው አርሶ አደር ኑሮውን የመሠረተው በቡና፣ በማር፣ በእንሰት፣ በበቆሎና በኮረሪማ ላይ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት አንድ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደስታው የወላጆቹ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱም፣ ዕድሩም፣ ያስተማረው ትምህርት ቤትም ይደሰታል። ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ቢሻሻልም ከመቶ 8 ያህል ላይ የቆመ ነው።

በዚህ ጠባብ ወንፊት ያለፈ ወጣት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ላይ በመጓጓዣ፣ በሳሙናና በፎቶ ኮፒ ገንዘብ እጦት ትምህርቱን አቋርጦ ቢመለስ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ቤተሰቡ ለዓመታት ያወጣው ወጪ፣ ከእርሻው የተለየው ጉልበት፣ መንግሥትም ያፈሰሰው ገንዘብ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ተማሪው እስከሚመረቅበት ቀን ድረስ ገንዘብ እንዴት እንደሚደርሰውና እንዴት እንደሚይዘው ማሰብ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጉዳዩ ቡናን ከመልቀምና ከማድረቅ ጋር አብሮ የሚታይ የገጠር ልማት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሐሳብ «ገበሬው ድሃ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ድህነት መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ በቡና አብቃይ አካባቢ ችግሩ ሁልጊዜ ከገንዘብ ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ገንዘቡ የሚገኝበት ወቅትና ተማሪው ገንዘብ የሚፈልግበት ወቅት አለመገናኘታቸው ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። የቡናው ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን የተማሪው ችግር ግን በየወሩ ይመጣል።

መንግሥት የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ትምህርት፣ ምግብና መኝታ የሚያገኘው በወጪ መጋራት ሥርዓት ነው። በ1996 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን እንዲጋራ፣ ክፍያውንም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየተቀነሰ እንዲከፍል ደነገገ። ከገቢ እየተቀነሰ የሚከፈል የትምህርት ዕዳ አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ዓይነት አሠራር ነው። ትልቁ ጥቅሙም ድሃው ተማሪ በመግቢያው በር ላይ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ከግቢው ውጭ ያለው ወጪ የሚቀረው በተማሪው ላይ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ አገር አቀፍ በመሆኑ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ማስተማር የጀመረው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ቢኖርም የሺሺንዳ ልጅ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ዲላ ሊመደብ ይችላል። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመጓጓዣ፣ ለልብስና ለጫማ፣ ለሳሙና፣ ለደብተር፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለስልክ ካርድ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ኅትመትና ለተግባር ልምምድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከቤት ይጠበቃል። ሴት ተማሪ ደግሞ ለንጽሕና መጠበቂያ ተጨማሪ ወጪ አለባት። እርስዋ በገንዘብ ስትቸገር ከሌላ ሰው ላይ ጥገኛ የመሆን አደጋው ከወንዱ የበረታ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

የገበሬው ወራትና የተማሪው ወራት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የዓመቱን ወራት በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። ተማሪው ወደ ግቢ የሚጠራው በአብዛኛው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ቡናው ግን ተለቅሞና ደርቆ ሙሉ ገንዘብ የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ጥርና የካቲት የሠርግና የድግስ ወቅት በመሆኑ የቡናው ገንዘብ በእነዚህ ወራት ይሳሳል። መጋቢትና ሚያዝያ እጅ የሚያጥርባቸው ወራት ናቸው። ተማሪው ደግሞ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እኩሌታ ላይ የሚገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። የጌተም ዛፍ አብቦ ነጩ ማር ከቀፎ የሚወርደው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን በዚያን ጊዜ ትምህርቱ ወደ መዘጋቱ ይቃረባል።

እንግዲህ በዓመት ውስጥ ሁለት ክፍተቶች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ልጁ ሊሄድ ሲነሳ፣ ሁለተኛው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በመጀመሪያው ክፍተት ላይ «ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ቡናው ግን አልደረሰም» የሚል አባት ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ይቀርቡለታል። አንዱ ያልቀላውን ቡና ከቀላው ጋር ገፍፎ መሸጥ ነው። ያልበሰለ ፍሬ ክብደቱም ጣዕሙም የወረደ በመሆኑ የቤቱን ገቢ ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ቡና ስም ይጎዳል። ሁለተኛው ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ በቅድሚያ መሸጥ ነው።

የቅድሚያ ሽያጭ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በስሌት ቢታይ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ አባት በነሐሴ 4,000 ብር ፈልጎ አንድ ኪሎ እሸት ቡና በ50 ብር ሒሳብ ሊያስረክብ ተዋዋለ ይባል። በመኸር ጊዜ ማስረከብ ያለበት 80 ኪሎ ይሆናል። በመኸሩ ዋጋው 80 ብር ቢሆን ያው 80 ኪሎ 6,400 ብር ያወጣ ነበር። ስለዚህ 4,000 ብር ለሁለትና ለሦስት ወራት ለመበደር 2,400 ብር ከፈለ ማለት ነው። ይህን ያህል ወለድ በባንክ ቢጠየቅ ይጮህ የነበረ ገበሬ በቡናው ሲከፍል አይታወቀውም፣ ምክንያቱም ወለድ የሚል ስም አልተሰጠውም። ቢቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው።

ቡና አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ያርፋል

ሌላው በግብርና ባለሙያ ዘንድ የታወቀ፣ በቤተሰብ የገንዘብ ዕቅድ ውስጥ ግን የሚረሳ ነገር አለ። የቡና ተክል በአንድ ዓመት ብዙ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው ይሳሳል። በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ልዩነቱ ቢቀንስለትም ጨርሶ አይቀርለትም። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማንኛውም ቡና አብቃይ ቤተሰብ ልጁን እስኪያስመርቅ ድረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያህል የሳሳ ምርት እንደሚገጥመው አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። የሳሳው ዓመት የመጨረሻው የትምህርት ዓመት ላይ ቢወድቅ ደግሞ ወጪው በሚበዛበት ጊዜ ገቢው ያንሳል።

የዓለም ገበያም እንዲሁ ይወጣል ይወርዳል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ በመድረስ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ላይ ወጥቶ ነበር። ከፍ ያለ ዋጋ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ አይኖርም። ዋጋው በወጣበት ዓመት ቆርቆሮ መለወጥና በሬ መግዛት የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ተማሪ ያለው ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀጥለውን የሳሳ ዓመት ማሰብ ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቡናው በአልጋ ላይ ደርቆ ወደ ጆንያ ሲገባ የተማሪው ድርሻ በዚያው ሰዓት ይለይ። ገንዘብ ከሆነ በኋላ መለየት አስቸጋሪ ነው፣ ብር በኪስ ውስጥ ሳለ ጠያቂው ብዙ ነውና። በሚገባ የደረቀ ጀንፈል በጆንያ ተደርጎ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ጭስና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ቢቀመጥ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ማድረቁ ለይስሙላ መሆን የለበትም። ይህ «የተማሪው ጆንያ» በመጋቢት ቢሸጥ ሁለተኛውን ክፍተት ይሞላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብዙ ዕቃ ዋጋ መውጣቱን ላየ ሰው፣ ከቁጠባው ከፊሉን በገንዘብ፣ ከፊሉን በእህልና በቡና መያዝ ብልኅነት ነው። የቡና ዋጋ ሊወርድም ስለሚችል ሁሉንም በጆንያ ማስቀመጥ ግን አይመከርም።

ሁለተኛ፣ የቀረው ድርሻ በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር በተማሪው ስም ይቀመጥ። ቤተሰቡም የሁለት ዓመት ሒሳብ ይያዝ። ለምሳሌ ተማሪው በወር 1,000 ብር፣ ለ10 ወራት 10,000 ብር፣ ለመጓጓዣ ደግሞ 4,000 ብር ቢያስፈልገው የዓመቱ ድምር 14,000 ብር ነው። ፍሬ በበዛበት ዓመት 20,000 ብር፣ በሳሳበት ዓመት 8,000 ብር ቢቀመጥ የሁለቱ ዓመት ድምር 28,000 ብር ይሆንና ሁለቱም ዓመታት ይሸፈናሉ። ቁጥሩ ለምሳሌ የቀረበ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይተካበት። ዋናው ቁም ነገር የበዛው ዓመት የሳሳውን ዓመት እንዲደግፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይላክ። ቀድሞ ገንዘብ የሚደርሰው በሰው እጅ ወይም በሩቅ ባንክ በኩል ስለነበር ተማሪው የመንፈቅ ዓመቱን ገንዘብ በአንድ ቀን ይቀበልና በሁለተኛው ወር ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብርን የመሰሉ የስልክ አገልግሎቶች በመስፋፋታቸው በየወሩ ጥቂት ጥቂት መላክ ተችሏል። ወሩ በገባ በተወሰነ ቀን የሚደርስ 1,000 ብር በአንድ ጊዜ ከሚደርስ 5,000 ብር ይልቅ ተማሪውን ያረጋጋዋል፣ ሒሳብ መያዝንም ያስተምረዋል።

አራተኛ፣ የምርቃት ድግስ በልክ ይሁን። ለሙሉ ልብስ፣ ለፎቶግራፍና ለሰንጋ ተብሎ በመጨረሻው ወር የሚፈስሰው ገንዘብ፣ በሦስተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ጠፍቶ የነበረው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ደግሶ መደሰት የአገር ባህል ነው፤ ነገር ግን ተመራቂው ዕዳ ወዳለበት ቤት ቢመለስ ደስታው ዕድሜ የለውም።

ተማሪውስ?

ተማሪውም የራሱ ድርሻ አለበት። የላከለት ሰው ገንዘቡን ያገኘው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ በማውረድና ፍሬ በመልቀም መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። በአንድ ትንሽ ደብተር ገቢና ወጪውን መጻፍ፣ ወሩ ሲገባ አስቀድሞ ለአስፈላጊው ነገር መመደብ፣ መጽሐፍን ከመግዛት ይልቅ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከላይኛው ክፍል ተማሪ መዋስ፣ ከአንድ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች በኅብረት ፎቶ ኮፒ ማስነሳታቸው ቀላል የሚመስሉ ግን ብዙ የሚያድኑ ልማዶች ናቸው። በከተሞች የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ደግሞ የተማሪን ኪስ የሚያራቁት ወጥመድ ነው። በአንድ ቀን የተገኘ ትርፍ ይወራል፣ በየቀኑ የሚጠፋው ግን አይነገርም።

ከዚህም በላይ ተማሪው የሚፈርመውን የወጪ መጋራት ውል አንብቦ መፈረም ይኖርበታል። የዚህ ዕዳ ክፍያ ማስረጃ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የሚጠየቅ ስለሆነ ዕዳው ስንት እንደደረሰ በየዓመቱ ማወቅ ይጠቅማል። እጅግ ቢቸግረውና ማቋረጥ ግድ ቢሆንበት እንኳ ሳይናገር መጥፋት አይገባውም። ሬጅስትራር ቀርቦ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ የሄደ ተማሪ ተመልሶ ለመቀጠል ማመልከት ይችላል። ሳይሞላ የጠፋው ግን የመመለሻውን በር በገዛ እጁ ያጠብባል። ይህን ቀላል ነገር ባለማወቅ የአንድ መንፈቀ ዓመት ችግር የዕድሜ ልክ ጸጸት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የማኅበሩና የባለሙያው ድርሻ

ይህን ሁሉ በቤተሰብና በተማሪ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የመጀመሪያው ክፍተት፣ ማለትም ልጁ ሲሄድ ቡናው ያለመድረሱ ነገር፣ በአንድ ቤት ጥረት የማይዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህ ላይ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሚና ከፍ ያለ ነው። ማኅበሩ አባሉ ምን ያህል ቡና እንደሚያስረክብ ከቀድሞ መዝገቡ ያውቃል። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም ተማሪ ላላቸው አባላት ተመጣጣኝ ወለድ ያለው አነስተኛ ብድር ሰጥቶ በመኸሩ ከሚያስረክቡት ቡና ላይ ቢቀንስ፣ ገበሬው በቅድሚያ ሽያጭ የሚያጣውን ገንዘብ ያድንለታል። ማኅበሩም ያልበሰለ ፍሬ ከመቀበል ይድናል።

ከትርፍ ላይ ለትምህርት መመደብም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የተቋቋመውና ለዘመናዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አርአያ የሆነው ማኅበር፣ አባሎቹ ድሆች ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ሆነው ሳሉ ከትርፉ ከመቶ 2 ተኩል ለትምህርት ይመድብ ነበር። የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና አባል ማኅበራቱ የትርፍ ክፍፍል በሚወስኑበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢቀርብ ለውይይት የሚበቃ ነው። ገንዘቡ በስጦታ ሳይሆን በተዘዋዋሪ ብድር መልክ፣ በተለይም ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ቢሰጥ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ መልሶት ለሚቀጥለው ተማሪ ይተርፋል።

ማኅበር በሌለበት ቀበሌ ደግሞ የመንደር ቁጠባ ቡድን አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. በኒጀር የገጠር ሴቶች መካከል የተጀመረው የቁጠባና ብድር ቡድን አሠራር ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጭቷል። አባላቱ በየሳምንቱ ትንሽ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያው እየተበደሩ በወለድ ይመልሳሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተጠራቀመውን ይከፋፈላሉ። ዕቁብን ለሚያውቅ የሺሺንዳ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። የክፍፍሉን ቀን በነሐሴ መጨረሻ ላይ ማድረግ ብቻ ተማሪ የሚሸኝበትን የመስከረም ችግር ያቃልላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

የግብርና ልማት ሠራተኛውም «የእኔ ሥራ ቡና ነው፣ የተማሪ ነገር አይመለከተኝም» ሊል አይገባውም። ቀይ ፍሬ ብቻ ልቀሙ ብሎ የሚያስተምር ባለሙያ፣ ገበሬው አረንጓዴውን የሚገፍፍበት አንዱ ምክንያት ተማሪ መሸኛ ማጣት መሆኑን ካልተረዳ ምክሩ ጆሮ አያገኝም። የቡና ጥራት ትምህርትና የቤተሰብ የገንዘብ ዕቅድ ትምህርት በአንድ ስብሰባ ላይ መሰጠት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም በመጀመሪያው ዓመት ከሚሰጧቸው የጋራ ትምህርቶች መካከል ኢኮኖሚክስና የሥራ ፈጠራ ስለሚገኙ፣ የተማሪውን የራሱን ወርኃዊ በጀት የትምህርቱ ምሳሌ ቢያደርጉት ከመጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ ይገባዋል። በቤተ መጻሕፍትና በምግብ ቤት የሰዓት ሥራ ለተቸገሩ ተማሪዎች ቢመቻችም እጅን ዘርግቶ ከመለመን ያድናል።

«መንግሥት ሁሉን ይቻል» የሚል ይኖራል፤ «ተማሪው ሠርቶ ይማር» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። መንግሥት የሚያደርገው ድጋፍ መጠናከር ይገባዋል፣ ሠርቶ መማርም ክብር ነው። ነገር ግን የመጋቢቱ ችግር ውሳኔ እስኪወሰን አይጠብቅም፣ ብዙ ላብራቶሪና የተግባር ልምምድ ያለበት ተማሪም ሙሉ ቀን ሠርቶ ውጤቱን መጠበቅ አይችልም። ቤተሰብ፣ ማኅበርና ባለሙያ በእጃቸው ያለውን አሁኑኑ መጀመር ይችላሉ።

ሥራው የሚጀመረው ከቡናው ማድረቂያ አልጋ ሥር ነው። በሚቀጥለው መኸር ጆንያዎቹ ተሰፍተው በሚቆጠሩበት ቀን የቤቱ አባወራና እማወራ ተማክረው አንዱን ጆንያ ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ሠርግ ቢመጣ፣ ገበያ ቢጠራ፣ ያ ጆንያ አይነካ። በመጋቢት ልጃቸው ከሩቅ አገር ስልክ ሲደውል የሚመልሱት መልስ «ታገሥ» ብቻ እንዳይሆን መድኃኒቱ እርሱ ነው።